የጣት ኦክስጅን መለኪያ ገለልተኛ ነው?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «መሣሪያ በራሱ ገለልተኛ ነው፤ መልካምም ክፉም የሚያደርገው ሰው ነው።» ሁለቱም ተከራካሪዎች ማሳያ ያደረጉት ጣት ላይ ተቆንጦ የደምን ኦክስጅን የሚያነበውን ፐልስ ኦክሲሜትር ነው።

ተቃዋሚ፦ መሣሪያው የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃንና 940 ገደማ የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ ከሚለው ብርሃን የሁለቱን ምጣኔ ያሰላል። ምጣኔው ግን ገና ፐርሰንት አይደለም። 1 ሲሆን «85 በመቶ ገደማ» ብሎ የሚተረጉመው ውስጡ የተጫነ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን ለማዘጋጀት ጤነኛ ፈቃደኞች ኦክስጅኑ የተቀነሰ አየር ይተነፍሳሉ፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት ከ100 ወደ 70 በመቶ ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ከደም ቅዳቸው ደም እየተወሰደ ይመሳከራል። እነማን ነበሩ ፈቃደኞቹ? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ የጠየቀው ቢያንስ 10 ሰው ነው፤ ከእነሱ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው 2 ሰዎች ወይም 15 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ውጤቱን በ2020 የወጣ ጥናት አሳየ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ሲያነብ እውነተኛው ሙሌት ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከጥቁር ታካሚዎች ንባብ በ11.7 በመቶው፣ ከነጮቹ በ3.6 በመቶው ነው። «ማን ይለካ» የሚለው ውሳኔ ቺፑ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ደጋፊ፦ ቁጥሮቹን አልክድም፤ ድምዳሜዎን ነው የማልቀበለው። ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ ሜላኒን፣ ቀይ ብርሃን ይመጥጣል፤ ብርሃን ደግሞ አድልዎ አያውቅም። ፈቃደኞቹን የመረጠና መሣሪያውን ያጸደቀ ሰው እያለ ሳጥኑን መክሰስ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው። ቀዝቃዛ ጣትና የጥፍር ቀለምም እኮ ንባቡን ያዛባሉ። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተመረዘ ሰው ሊሞት እየተቃረበ 98 ሊነበብለት ይችላል። ይህ የማን እሴት ነው?

ተቃዋሚ፦ በካርቦን ሞኖክሳይዱ ልክ ነዎት። በሁለት ብርሃን ብቻ ከኦክስጅን መለየት ስለማይቻል ነው፤ ጉዳዩ የፊዚክስ ነው። የቆዳው ግን በ1990 በታተመ ጥናት ተነግሮ ነበር። ችግሩ እየታወቀ መሣሪያው እንደዚያው ሲሸጥ ኖረ።

ደጋፊ፦ ታዲያ የሠላሳ ዓመቱ ዝምታ የሰው አይደለም? ሠንጠረዡን ቀይሩት፤ ብርሃኑም ጣቱም ያው ነው።

ተቃዋሚ፦ ይቀየር። ኦክስጅን ሲወርድ የሚጮኸው ማንቂያ ግን በስንት ይጩህ? 94 ላይ ቢደረግ በከንቱ ጩኸት የተሰላቸች ነርስ ድምፁን ትዘጋዋለች። 85 ላይ ቢሆን የሚያመልጥ በሽተኛ ይኖራል። የትኛው ስህተት ይሻላል የሚለውን ፊዚክስ አይመልስም፤ ሆኖም መሣሪያው ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ቁጥር ተሞልቶበት መውጣቱ ግድ ነው።

ደጋፊ፦ ይህንኑ እቀበላለሁ፤ ባዶውን የሚወጣ ማንቂያ የለም። እንግዲያው ያ ቁጥር ለምን እንደተመረጠና ማን እንደፈረመበት፣ ስንት ፈቃደኞች በምን ዓይነት ቆዳ እንደተለኩ፣ ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።