መካነ እንስሳት «አስተምራለሁ» ካለ አስረጂውን ዓመቱን ሙሉ ይያዝ

ስለ መካነ እንስሳት ሠራተኞች ሲነሳ ሰው ፈጥኖ የሚያስበው ተንከባካቢውንና የእንስሳት ሐኪሙን ነው። ማይክሮፎን አጥልቆ ከአጥሩ ውጭ የሚቆመው አስረጂ ትዝ የሚለው የለም። ጎብኚ ሲበዛ ይቀጠራል፤ ጥቂት ቀን ሠልጥኖ ገለጻ ይሰጣል፤ ጎብኚ ሲቀንስ ይሰናበታል። እኔም ይህን ሥራ ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው፣ መካነ እንስሳት ለመኖሩ ከሚያቀርበው ምክንያት ግማሹ በዚህ ጊዜያዊ ሰው ትከሻ ላይ መውደቁን ስላየሁ ነው።

የዱር እንስሳን ከልሎ ማኖር ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ መልሱም ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። የለንደኑ መካነ እንስሳት እ.ኤ.አ. በ1828 ሲከፈት ለምሁራን ጥናት የተዘጋጀ ነበር፤ ለሕዝብ በሩን የከፈተው በ1847 ነው። ጀርመናዊው የእንስሳት ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ በ1907 ሐምቡርግ ውስጥ በከፈተው ቦታ የብረት ፍርግርጉን አስቀርቶ እንስሳውንና ጎብኚውን በቦይ ለየ። ዛሬ ግን የአጥሩ ማማር ብቻውን ማንንም አያሳምንም። «ለምን ትኖራላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ተቋማቱ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት ጥበቃንና ትምህርትን ነው። ለጥበቃው የሚያሳዩት አላቸው። የዓረብ ኦሪክስ የተባለው የሳላ ዝርያ በ1972 ከዱር ጨርሶ ቢጠፋም፣ አስቀድሞ በአሜሪካው ፊኒክስና በሌሎች መካነ እንስሳት ተጠብቆ በመራባቱ በ1982 ወደ ኦማን በረሃ ሊመለስ ችሏል። ለትምህርቱስ ምን ያሳያሉ? ሰሌዳውን እንዳይሉ፣ እኔ ያየሁት አብዛኛው ጎብኚ የእንስሳውን ስም አንብቦ ያልፋል። የሚያስተምረው ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ወቅቱ ሲያልቅ የለም።

ሥራውን ከሩቅ ለሚያይ፣ የተጻፈ ነገር በቃል ይዞ መድገም ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ቀጭኔ አንገቷ ውስጥ ያሉት አጥንቶች እንደኛው ሰባት ብቻ መሆናቸውን ስትናገር፣ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ወላጆቹም እጃቸውን ወደ ማጅራታቸው ይሰዳሉ። ያን ጊዜ ያ ረጅም ፍጡር ከራሳቸው አካል ጋር ተያይዟል። ሰሌዳ ይህን አይቶ ቃሉን ሊለውጥ አይችልም። አስረጂው ግን ያያል፤ እዚያው ላይ ይጨምራል፦ ደሟ እስከዚያ ከፍታ እንዲደርስ የደም ግፊቷ ከሰው እጥፍ ያህል ነው፤ ውኃ ልትጠጣ ስታጎነብስስ ጭንቅላቷን የሚያድናት ምን ይመስላችኋል? አሁን ጠያቂዎቹ እነሱ ይሆናሉ።

አንበሳው ዘንድ ፈተናው ሌላ ነው። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ሊያርፍ ይችላል፤ ሰው ግን የመጣው ሲያገሣ ሊሰማ ነው። መስታወቱን የሚደበድብ አለ፤ «ታሟል እንዴ?» የሚል አለ። መቆጣት ቀላል ነው፤ ሰውየው ይሸማቀቅና ዞር ስትል ደግሞ ይመታል። አዳኝ አውሬ ጉልበቱን ለአደን እንደሚያጠራቅም፣ ሣር በሊታው ግን የቀኑን አብዛኛውን ክፍል መጋጥ እንዳለበት ስትነግረው እጁን ይሰበስባል። አንዳንዱም ራሱ ወደ ሌላው ዞሮ «ተው፣ ይተኛበት!» ይላል። እኔ ከዚህ የበለጠ የሠመረ ትምህርት አላውቅም።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ገለጻው አልቆ ሰው ሲበተን ነው። አንድ ሰው ወደ ኋላ ይቀርና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ድብ ለምንድን ነው አንዱን መንገድ ብቻ የሚመላለሰው?» ይላል። እውነተኛው መልስ አጭር አይደለም። ምግብ የሚቀርብበት ሰዓት ስለ ተቃረበ ሊሆን ይችላል። በጠባብና ምንም በማያሠራ ማደሪያ የተጀመረ ልማድም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ልማድ አንዴ ከጸና እንስሳው ወደ ተሻለ ቦታ ተዛውሮም ላይለቀው ይችላል። ተንከባካቢዎቹ ምግቡን በየጉድባው እየደበቁ፣ አዲስ ሽታ እያመጡ፣ የማደሪያውን ዕቃ እየቀያየሩ ይታገሉታል። ይህን ሳይሸፋፍን የሚናገር አስረጂ የጠያቂውን አመኔታ ያገኛል። «ደስተኛ ነው፣ አታስብ» ብሎ የሚሸኘው ግን የጎልማሳን ጥያቄ እንደ ሕፃን ለቅሶ ማባበሉ ነው። ወቅታዊ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ወደ ኃላፊ እንዲመራ ይታዘዛል። ኃላፊው በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነው፤ ጠያቂው ቅር ብሎት ይሄዳል።

ትእዛዙ የተሰጠበት ምክንያት ይገባኛል። በጥቂት ቀን ሥልጠና የመጣ ሰው እንዲህ ባለ ነገር ላይ አፉን እንዲከፍት ማንም አይደፍርም። ለመናገር የዚያን አንድ እንስሳ ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል፦ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ደም እንዲቀዳለት መዳፉን በፈቃዱ ማቅረብን በምን ትዕግሥት እንደለመደ። ይህ ከመመሪያ ወረቀት አይገኝም፤ ከተንከባካቢው ጎን ቆሞ በማየት ነው። ችግሩ፣ አስረጂው ይህን አውቆ አንደበቱ ሲፈታ ኮንትራቱ ማለቁ ነው። በቀጣዩ ወቅት ሌላ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

ክፍተቱን ብዙ ቦታ በትርኢት ሊሞሉት ይሞክራሉ። በቀቀን ብስክሌት ሲነዳ ሰው ያጨበጭባል፤ ስለ በቀቀን ግን ምንም አላወቀም። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። እውነተኛው ታሪክ ከዚያ ይበልጣልና። የካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳ በ1987 በመላው ዓለም 27 ብቻ ቀርቶ ሁሉም ወደ ጥበቃ ገቡ። ጫጩቶቹ ሰውን ለምደው ዱር መኖር እንዳያቅታቸው፣ አሳዳጊዎቹ እጃቸውን የኮንዶር ራስ በሚመስል አሻንጉሊት ሸፍነው ይመግቧቸው ነበር። ከ1992 ጀምሮ ወደ ዱር እየተለቀቁ ነው። ዛሬም ከሚገድሏቸው ነገሮች ዋነኛው፣ አዳኞች በጥይት ከጣሏቸው እንስሳት ሥጋ ጋር የሚውጡት የጥይቱ እርሳስ፣ መርዛማው ብረት፣ ነው። ይህን ስትነግር ሰው ከቦታው አይነቃነቅም፤ «እኛስ ምን እናድርግ?» የሚለውን ሳትጋብዘው ይጠይቃል።

የገንዘብ ጉዳይ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ጎብኚ በሌለበት ወር ለአስረጂ ደመወዝ መክፈል ኪሳራ ይመስላል። ሁሉም ቋሚ ይሁኑ አልልም፤ ሥራውን ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚፈልጉ ወጣቶችም አሉ። ጥቂቶች ግን ዓመቱን ሙሉ መኖር አለባቸው። ጭር ባሉት ወራት ትምህርት ቤቶችን መቀበል፣ ገለጻዎቹን ማደስ፣ እንስሳቱን ማጥናት፣ ለሚመጡት አዲሶች ማስተላለፍ የእነሱ ሥራ ነው። ወጪው ለማስታወቂያና ለአዲስ ሰሌዳ ከሚመደበው ይቀነስ። ወቅታዊዎቹም ማይክሮፎን ከመጨበጣቸው በፊት ከተንከባካቢው ጋር የሚውሉበት፣ ደመወዝ የሚከፈልበት አንድ ሳምንት ይሰጣቸው። ለከባዶቹ ጥያቄዎች የሚሰጠውን መልስ ደግሞ ሐኪሙ፣ ተንከባካቢውና አስረጂው አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይጻፉት።