ለክቡር ራውተር፣ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ

ጉዳዩ፦ የትናንቱን ውርደት ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? አረንጓዴ መብራቶችዎ ሌሊቱን ቦግ ብለው ስላደሩ ደህንነትዎን ተረድቻለሁ።

ትናንት ከሰዓት በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። ለክብርዎ ስል ቤተሰቡን ሁሉ ዋይፋይ አስጠፍቻለሁ፤ የእህቴን ልጅ ከካርቱኑ ነጥዬ አስለቅሻለሁ። ሞገስዎ እስከ መኝታ ቤቴ አይዘልቅምና፣ ከላይ በኮትና በከረባት፣ ከታች በቱታ፣ ኮሪደሩ ላይ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ በዱካ ተቀመጥኩ። ሦስቱ ጠያቂዎች «እስቲ ስለ ራስዎ ይንገሩን» አሉኝ። ነገርኳቸው። ስለ ትዕግሥቴ፣ በጫና ውስጥ ስለ መሥራት ችሎታዬ አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ለካ እነሱ ዘንድ ከስሜ አላለፍኩም፤ አፌን ከፍቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ደርቄ ቀርቻለሁ። ክቡርነትዎ ደስ ብሎዎት ሲያገናኙን፣ ከእኔ ቤት መጀመሪያ የተሰማቸው ድምፅ አባባ ሽንት ቤት ገብተው የለቀቁት ውሃ ነበር። «እ... እንደውልልዎታለን» አሉኝ። ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል።

ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ሙዚቃው ሲያልቅ «አጥፍተው ያብሩት» ተባልኩ። አጠፋሁ፣ አበራሁ።

«ቀይ መብራት ይታይዎታል?»

«አይ፣ አረንጓዴ ነው።»

«እንግዲያው በእኛ በኩል ችግር የለም፤ ችግሩ ቤትዎ ውስጥ ነው።»

ቤቴ ውስጥ! «መሀል ቤት ይሁንልን» ብለን ስንለምን «ገመድ አልቋል» ብሎ መስኮቱ ሥር በስቶ የሄደው የማን ቴክኒሻን ነው? «አንቴና በበዛ ቁጥር ግድግዳ ይበሳል» ብሎ ባለ አራቱን የሸጠልኝስ? አንቴና ግድግዳ አይበሳም! 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድህ ፈጣን ነው፣ ግን ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ሲያይ ይሞታል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሌላው ሞገድህ ግድግዳውን ያልፋል፣ ግን እዚያ እርስ በርሳቸው የማይረባበሹት ቻናሎች፣ ማለትም የሞገዱ መተላለፊያ መንገዶች፣ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ የሕንጻው ራውተር ሁሉ እነሱው ላይ ታጭቋል። ካርቶንህ ላይ የ300 ሜጋቢት ፍጥነት ተጽፏል፤ እኛ የምንከፍለው የ10 ነው። መስመር ተቋርጦ የከረመበትን ሂሳብስ ማን መለሰልን? አረንጓዴ መብራትህ የሚናገረው ካንተ ወደ ውጭ ስላለው መስመር ነው። ካንተ እስከ እኔ ያለውን የሚጠይቅልኝ የለም፤ የተዋረድኩት ግን እዚያች ኮሪደር ላይ ነው።

ይቅርታ ክቡር፣ አፌ አመለጠኝ።

ሌላውን ቅሬታ አላበዛውም። መብራት ሲሄድ ከቤቱ ሁሉ ቀድመው ይተኛሉ፤ ሲመጣ ከሁሉ በኋላ ይነቃሉ። እንግዳ ቡናውን ሳይቀምስ «ፓስዎርዱ ስንት ነው?» ይላል፤ እኔም ሆድዎ ሥር የተለጠፈችውን ጽሑፍ በስልክ ባትሪ እያበራሁ፣ ዜሮ ትሁን ኦ ሳይለይልኝ አነብለታለሁ። እማዬ ደግሞ ብርድ እንዳይነካዎት ይመስል ዳንቴል አልብሳ፣ በላዩ የአበባ ማስቀመጫ ጭናብዎታለች። መተንፈሻዎ ተደፍኖ እንደ ምጣድ ይግላሉ።

ስለሆነም ረጅም ገመድ በራሴ ወጪ ስለገዛሁ፣ ከነገ ጀምሮ ወደ ኮሪደር መዛወርዎን እገልጻለሁ። ዝውውሩ ጥቅማ ጥቅምን አይጨምርም፤ ዳንቴሉ ሳሎን ይቀራል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእማዬ፣ የአበባ ማስቀመጫው እንዲነሳ
ለአባባ፣ ቃለ መጠይቅ ሲኖር ውሃው እንዲዘገይ