ጨርቅ ያልረሳው ጃንደረባ

ስለ ድፍረት ሲሰበክ ዳዊትና ጎልያድ የማይነሱበት ጊዜ የለም። ካልሆነ ዳንኤልና አንበሶቹ። ደስ ይላሉ፤ ግን ከመካከላችን ወንጭፍ ይዞ ግዙፍ ፊት የሚቆም ስንቱ ነው? እኔን ብትጠይቁኝ ከብሉይ ኪዳን ሰዎች መጀመሪያ የምጠራው አንድ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነው። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ። ታሪኩ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 ላይ ነው።

ብዙዎቻችን የምናውቀው በእንቅልፉ ነው። ተረፈ ባሮክ የሚባለው መጽሐፍ አቤሜሌክ በለስ እንደያዘ 66 ዓመት ተኛ፣ የኢየሩሳሌምንም ጥፋት አላየም ይላል። ከእንቅልፉ በፊት የሠራው ግን ይበልጥብኛል።

ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 587 ዓመት ገደማ ነው። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከበዋል፤ እህሉ እያለቀ ነው። ኤርምያስ ደግሞ “እጃችሁን ስጡ፣ ትተርፋላችሁ” ይላል። መኳንንቱ “ይሄ ሰው የወታደሩን ወኔ እየሰለበ ነው፣ ይሙት” አሉ። ንጉሥ ሴዴቅያስ “እናንተን መከልከል አልችልም” ብሎ እጁን ታጠበ። ነቢዩን ውኃ የሌለበት ጉድጓድ ውስጥ በገመድ አወረዱት። ጭቃው ውስጥ ሰመጠ።

እነዚህ ባለሥልጣናት ቀላል ሰዎች አልነበሩም። አርኪዮሎጂስቷ ኤይላት ማዛር በ2005 እና በ2008 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ ባገኘቻቸው የጭቃ ማኅተሞች ላይ የዮካልና የጎዶልያስ ስም ከነአባታቸው ተቀርጿል። ሁለቱም እዚሁ ምዕራፍ 38 ላይ ተጠርተዋል።

አቤሜሌክ የውጭ አገር ሰው ነው፣ ያውም ጃንደረባ። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ሄደና “ጌታዬ ንጉሥ ሆይ፣ እነዚህ ሰዎች ክፉ አደረጉ” አለው። ጓዳ ጠርቶ አላንሾካሾከም። “አልችልም” ሲል የነበረው ንጉሥም 30 ሰው ሰጠው።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ነቢዩ በራብ ሊሞት ነው፣ ጊዜ የለም። ሰውዬው ግን ንጉሡ ቤት ዕቃ ቤት ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ለቀመ። በገመድ ወደ ጉድጓዱ አወረደለትና “ብብትህ ሥር፣ ከገመዱ በታች አድርገው” አለው። ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ ሰው በገመድ ሲጎተት ብብቱ እንደሚላጥ ቀድሞ አስቦበታል። ጀግና ነን የሚሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር አያስቡም፤ አውጥተው ፎቶ ለመነሣት ነው የሚቸኩሉት።

አልፈራም ነበር ማለት ግን አይደለም። ምዕራፍ 39 ላይ እግዚአብሔር በኤርምያስ በኩል “በምትፈራቸው ሰዎች እጅ አልሰጥህም” ይለዋል። ፈርቷል ማለት ነው። እዚያው ምክንያቱን ይነግረዋል፦ “በእኔ ታምነሃልና።” ጎበዝ ስለሆንክ አላለውም። እኛ መድረክ ላይ ቆመን “አትፍሩ!” እያልን ስንጮህ የፈራውን ሰው እምነት እንደሌለው እናስቆጥረዋለን። ያሳዝናል። አቤሜሌክ እየፈራ ነው የሄደው፤ እግዚአብሔር ደግሞ ያንን አካሄድ እምነት ብሎ ቆጠረለት።

ኢትዮጵያዊ ነው ብለን ደረታችንን ስንነፋም እሰማለሁ። የያኔዋ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለችው የኩሽ ምድር ናት፤ የዛሬው ድንበራችን አይደለችም። ይሁን፣ ኩራቱን አልጠላም። ግን በየአጥቢያችን አንድ አገልጋይ ጉልበተኞች ሲገፉት “ምን አገባኝ” ብለን የምናልፍ ከሆነ ዝምድናችን የቱ ጋ ነው?

ሰባኪዎች የሚዘሉት ሌላም ነገር አለ። ኤርምያስ ከጉድጓዱ ወጣ እንጂ ነጻ አልወጣም። ከተማዋ እስክትያዝ ድረስ በግዞት ቤቱ አደባባይ ቆየ። ከበባውም አልቀረም፤ ሴዴቅያስ ምክር አልሰማም፤ ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ። ለአቤሜሌክ የተገባለት ቃል ነፍሱ እንደምትተርፍ ብቻ ነው። ሹመት የለ፣ ርስት የለ።