ጥፋቱ የቀኑ ነው

በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዓርብና 13 በገጠሙ ቁጥር ያው ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ጥቁር ድመት፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ከሥሩ ደግሞ «ዛሬን ተጠንቀቁ!» የሚል ማሳሰቢያ። ከምን እንደምንጠነቀቅ ላኪው አይናገርም። ቢናገርማ ሲመሽ ልክ መሆኑን እናጣራ ነበር። ስላልተናገረ የደረሰው ሁሉ ማስረጃ ይሆንለታል፤ ቁልፍ የጠፋበትም፣ አውቶቡስ ያመለጠውም፣ የጻፈውን ሳያስቀምጥ ኮምፒዩተሩ የተዘጋበትም። «አላልኩም? ቀኑ እኮ ነው!» የጻፈውን የማያስቀምጥ ሰው ሐሙስም ይጠፋበታል። ሐሙስን ግን የሚከስ የለም።

ጎደሎ ቀን የሚባለው ነገር ከየት መጣ ብሎ ለጠየቀ፣ መልሱን ሰማይ ላይ ባይፈልግ ይሻለዋል። አንድ ሹም ያጠፋል፣ ብዙ ሰው ያልቃል፣ ከዚያ የሚጠየቅ ይፈለጋል። ሹሙ አፍ አለው፣ ዘመድ አለው፣ ደጋፊ አለው። ቀን ግን ቢከሱት መልስ የማይሰጥ፣ ጠበቃ የማያቆም፣ ይግባኝ የማይል ተከሳሽ ነው። ይፈረድበታል፣ ጉዳዩም ይዘጋል።

ሮማውያን ይህንን አሠራር ወደ ሕግ ከፍ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። እንደ እነሱ አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ390 ዓመት፣ ጁላይ 18 ቀን፣ አሊያ በምትባል ወንዝ አጠገብ ጋሎች የሮማን ጦር ደመሰሱት። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ እንደተረከው አዛዦቹ ሰፈር አልመረጡም፣ ምሽግ አልሠሩም። እንዳይከበቡ ብለው ሰልፉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲለጥጡት መሐሉ ሳሳ። ተጠባባቂውን ጦር በስተቀኝ ካለች ጉብታ ላይ አወጡት፤ የጋሎቹ መሪ ብሬኑስ ቀድሞ የመታው ያንኑ ነው። የግራው ክንፍ ወደ ቲቤር ወንዝ ሸሸ፤ ዋና ያልቻለውና ጥሩሩ የከበደው እዚያው ሰጠመ። ወደ ሮም የሮጡት ደግሞ የከተማዋን በር እንኳ ሳይዘጉ ዐምባው ላይ ወጡ። በር ሳይዘጉ! ጠላት ከኋላ እየመጣ!

ታዲያ በኋላ ምክር ቤቱ «ለምን ተሸነፍን?» ብሎ ሲመረምር ምን አገኘ? ከአዛዦቹ አንዱ፣ ሱልፒኪዩስ፣ ከውጊያው በፊት መሥዋዕት ያቀረበው በወሩ አጋማሽ በዓል ማግስት ነበር። በቃ፣ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ማግስቱ ነው። ካህናቱም አንዴ ከጀመሩ አይቀር ብለው ወሩ የሚከፈልባቸውን ሦስቱን ዕለታት፣ ካለንድስን (የወሩን መባቻ)፣ ኖንስን (5ኛውን ወይም 7ኛውን ቀን)ና አይድስን (የወሩን አጋማሽ)፣ የሚከተሉትን ቀኖች ሁሉ «ጥቁር» አሏቸው። በወር ሦስት፣ በዓመት 36 ቀን። በነዚያ ቀኖች ጦርነት አይጀመርም፣ ሠርግ አይደገስም፣ አዲስ ሥራ አይነካም። ያልተዘጋው በር ግን ከነስሙም አልተነሣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ያንገበግበኛል። ከ12ቱ ወሮች በስምንቱ አይድስ የሚውለው 13 ላይ ነው፤ አይድስ ደግሞ የትልቁ አምላካቸው የጁፒተር ቀን ነው። እርግማኑ ያረፈው 14 ላይ ነው። ዛሬ 13ን የሚሸሸው ሰውዬ የዛን ጊዜ ሮም ውስጥ ቢኖር 13ን አክብሮ፣ በ14 ይደበቅ ነበር።

ኦክቶበር 6ም የተከሰሰው በዚሁ መንገድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ105 ዓመት፣ በዛሬዋ ደቡብ ፈረንሣይ፣ አራውሲዮ ላይ ሁለት የሮማ ጦር ባንድ ቀን አለቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ካይፒዮ የሚባለው ባለ ትልቅ ዘር አዛዥ፣ በሹመት የሚበልጠውን ማሊዩስን «ይሄ ከየት የመጣ ነው!» ብሎ ንቆት አብሮት አንድ ሰፈር አልሰፍርም አለ። ጠላትም ለየብቻቸው አገኛቸው። ቀኑ ግን ገደ ቢስ ተባለ። ከ36 ዓመት በኋላ የሮማው አዛዥ ሉኩሉስ የአርመኑን ንጉሥ ቲግራኔስን ሊገጥም ሲል መኮንኖቹ «ኧረ ዛሬ ኦክቶበር 6 ነው» አሉት። እሱም ይህንንም ቀን ለሮማውያን መልካም አደርገዋለሁ ብሎ ወንዙን ተሻገረና አሸነፈ። የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላም ቀኑን ይቅርታ የጠየቀው የለም።

«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። የምወደው ግን እንደሚነገርበት መንገድ አይደለም። እስቲ ልብ በሉ፤ ይህን ተረት የሚተርተው ማነው? ቅሉ አይደለም። ቅሉ ድንጋይ ሰብሮ ሲያበቃ «ልምዴ ነው፣ ትጋቴ ነው፣ ቆዳዬ ጠንካራ ነው» ነው የሚለው። «ጊዜ ሰጥቶት እኮ ነው» የሚለው የተሰበረው ድንጋይ ነው፤ አለዚያም የድንጋዩ ዘመዶች። ሹመት ያገኘ ሰው የተሾመበትን ማክሰኞ ሲያመሰግን ማን ሰማ? ሲሻር ግን «ያን ቀን ገና ስነሣ ቀኝ ዓይኔ ሲርገበገብ ነው የዋለው» ይለናል። ለደስታ ችሎታ፣ ለመከራ ቀን። ይህ ክፍፍል ፍትሐዊ ነው የሚል ካለ ይምጣ!

ወደ ቁም ነገሩ። ከሮማውያን በፊት የነበሩት ቢያንስ ሥርዓት ነበራቸው። የአሦርና የባቢሎን ቀን ቆጣሪዎች ከወሩ 7ኛውን፣ 14ኛውን፣ 19ኛውን፣ 21ኛውንና 28ኛውን ክፉ ቀን ብለው ለይተዋል። በነዚያ ቀኖች ንጉሡ በፍም የበሰለ ሥጋ አይበላም፣ ልብስ አይለውጥም፣ ሠረገላ አይወጣም፤ ሐኪምም በሽተኛ ላይ እጁን አያሳርፍም። ሰባት በሰባት የሚሄድ ነገር መሆኑ ይገባል፤ 19 ከየት መጣ? ካለፈው ወር መባቻ ሲቆጠር 30 እና 19 ተደምሮ 49 ይሆናል፣ 49 ማለት ሰባት ጊዜ ሰባት ነው። ማባዛት የሚችል ሰው ሲፈራ እንዲህ አድርጎ ነው የሚፈራ!

ግብፃውያን ደግሞ ቀኑን ለሦስት ከፍለው ጥሩውን በጥቁር ቀለም፣ መጥፎውን በቀይ ይጽፉ ነበር። ጠዋቱ ክፉ፣ ከሰዓቱ ደህና ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ከአማልክቶቻቸው ታሪክ ነበር የሚያመጡት፤ ሆረስ የሚባለው አምላክ ሴት ከሚባለው አምላክ ጋር የተዋጋበት ዕለት ከሆነ ምንም አትሥራ። ከ360ው ቀን የሚተርፉትን አምስቱን፣ ዛሬ እኛ ጳጉሜን የምንላቸውን ቀናት አያት ቅድመ አያቶች ማለት ነው፣ ለአምስት አማልክት ልደት ሰጥተው፣ ሦስተኛው የጠበኛው የሴት ልደት ስለሆነ ነገሥታቱ እስኪመሽ ድረስ ሥራ አይነኩም ነበር። ባለቅኔው ሄሲዮድም ለግሪክ ገበሬዎች ሲመክር ወሩ በገባ በ13 ዘር መዝራት አትጀምር፣ ችግኝ ለመትከል ግን ከሱ የተሻለ ቀን የለም ይላል። አንዳንዱ ቀን እናት፣ አንዳንዱ ቀን የእንጀራ እናት ነው ያለውም እሱ ነው። ይህ ሁሉ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰዎቹ ደክመውበታል። የኛው መልእክት ላኪ ግን ዘርና ችግኝ፣ ጠዋትና ማታ ሳይለይ «ተጠንቀቁ» ብሎ ይተኛል።

እሱ የሚፈራው ዓርብ 13 ራሱ እንደሚመስለው ሽማግሌ አይደለም። ዓርብ ስቅለት የተፈጸመበት ዕለት ነው ተብሎ ለብቻው ይፈራ ነበር፤ 13ም በመጨረሻው እራት ማዕድ በተቀመጡት ሰዎች ቁጥር የተነሣ ለብቻው። ሁለቱ የተጋቡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ለዓለም ያዳረሳቸው ደግሞ 20ኛው። «ኧረ የቴምፕላር ፈረሰኞች የሚባሉት የመስቀል ጦርነት መነኮሳት ወታደሮች የተያዙት ዓርብ ኦክቶበር 13፣ 1307 እ.ኤ.አ. ነው» የሚል አይጠፋም። ቀኑ እውነት ነው፤ የዓርብ 13 መነሻ ያደረጉት ግን ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ደግሞስ የፈረንሣዩ ንጉሥ ፊልጶስ 4ኛ የመያዣውን ትእዛዝ የጻፈው ሴፕቴምበር 14 ነው፤ ወር ሙሉ ታሽጎ ነው የቆየው። ንጉሡ ገንዘብ ይፈልግ ነበር፣ ፈረሰኞቹ ገንዘብ ነበራቸው። ከዚህ በላይ ምን ምክንያት ይፈለጋል?

ስፔኖችና ግሪኮች ዓርብን ትተው ማክሰኞ 13ን ይፈራሉ። ግሪኮቹ ምክንያት የሚያደርጉት ቁስጥንጥንያ በ1453 እ.ኤ.አ. ማክሰኞ ቀን መውደቋን ነው። ጣልያኖች ዓርብን ይዘው ቁጥሩን ወደ 17 አዛውረዋል። ድንበር ሲሻገር የሚለወጥ እርግማን ፓስፖርት ይዞ ነው የሚዞረው እንዴ?

በዚህ ጉዳይ አንድ የቆየ ቂም አለኝ፤ 13ኛ ፎቅ ከሌላቸው ሊፍቶች ጋር። ቁልፎቹ 11፣ 12፣ ከዚያ 14። ፎቁ ግን እዚያው አለ! 14 የተባለው 13ኛው ነው፤ ነዋሪው በ13ኛው ወለል ላይ ይተኛል፣ ይበላል፣ ኪራይ ይከፍላል። ማን ተታለለ? እርግማኑ ደረጃ መቁጠር አይችልም? ቀልዱ የሚያበቃው እሳት ሲነሣ ነው። ነዋሪው «16ኛ ፎቅ ነኝ» ብሎ ይደውላል፤ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ከውጭ መስኮት ሲቆጥር 15 ያገኛል፤ እንደ 13 የሚፈራውን 4ንም የዘለለ ሕንጻ ከሆነ ልዩነቱ ሁለት ይሆናል። ጢስ ውስጥ አንድ ፎቅ መሳሳት ማለት የተሳሳተ በር መስበር ነው። የካናዳዋ ቫንኩቨር በ2015 እ.ኤ.አ. ፎቅ መዝለል ይብቃ፣ ቁጥር በተራው ይጻፍ ያለችው ለዚህ ነው። ሌሎቹ ግን እስከ ዛሬ ለፍርሃት ብለው ቆጣሪውን ያሳስታሉ።

ወደ ጨረቃ የተላከችውን መንኮራኩር፣ አፖሎ 13ን፣ ካላነሣሁ ደግሞ «ሸሸ» እባላለሁ። በ13:13 ተነሣ፣ ኤፕሪል 13፣ 1970 ፈነዳ፣ ይላሉ። ሮኬቱ የቆመው ፍሎሪዳ ነው፤ እዚያ ሰዓቱ 14:13 ነበር። 13 የሚለው በረራው የሚመራባት የሂውስተን ሰዓት ነውና ሟርቱ እንዲሞላ ሰዓት ከሌላ ከተማ መበደር ግድ ነው። ፍንዳታው ሲደርስም በግሪንዊች አቆጣጠር 14 ከገባ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። እውነተኛው ጥፋት የተሠራው አስቀድሞ መሬት ላይ ነው። የኦክስጅን ታንኩ ማሞቂያ ላይ ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች የተሠሩት ለ28 ቮልት ነው፤ በፍተሻው ጊዜ የተሰጣቸው 65 ቮልት ነው። ታንኩ ከዚያ በፊት አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወድቆ ስለነበር ኦክስጅኑ በወጉ አልወጣ ሲል «በሙቀት እናትነው» ተባለ፤ ለሰዓታት ተጣደ። ማጥፊያው በኃይሉ ብዛት ተበይዶ ቀረ፣ መለኪያው ደግሞ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚያበቃ ስለነበር መጋሉን አልተናገረም፣ የሽቦው ልባስ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቀን ቢበሩ ብልጭታው ይጠብቃቸው ነበር። ሦስቱም ጠፈርተኞች በሰላም ተመለሱ። መቼ? ዓርብ፣ ኤፕሪል 17። ጣልያኖች ከቤት አንወጣም የሚሉበት ቀን!

ለማንኛውም፣ መልእክቱን መላክ የማይተው ሰው ቢያንስ ሒሳቡን ይወቅ። እሑድ የሚጀምር ወር ሁሉ ዓርብ 13 አለው። በዓመት ቢያንስ አንድ፣ ቢበዛ ሦስት ይመጣል፤ 2026 እ.ኤ.አ. ሦስት አለው፤ ፌብሩዋሪ፣ ማርች፣ ኖቬምበር። የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ400 ዓመት ራሱን ይደግማል፤ በነዚያ 4,800 ወሮች 13 ዓርብ ላይ የሚውለው 688 ጊዜ ነው፤ ከየትኛውም ዕለት ይበልጣል። ሟርተኞች ሆይ፣ ደስ ይበላችሁ። የግሪኮቹ ማክሰኞ 13 ደግሞ 685፤ የጣልያኖቹ ዓርብ 17ም በልኩ 685፤ በሦስት ሦስት ቀን ቅናሽ ተደርጎላቸዋል። ረቡዕ 13 ግን 687 ነው። በአንዲት ቀን ተበልጦ ይኸው አንድም የሚፈራው ሰው የለም።