ይድረስ ለ«ዕድሜ፦ ከ35 ዓመት ያልበለጠ»

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከአንተ ጋር በየሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ከመፋጠጥ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። ደብዳቤውን ስጀምር «እርስዎ» ልልህ ነበር። ማኅተም ተመትቶብህ፣ በጋዜጣ ታትመህ የምትወጣ መስመር ነህና ማዕረግ ይገባሃል ብዬ ነው። ኋላ ሳስበው ግን አንተው ራስህ ከ35 አልበለጥኩም ብለህ በአደባባይ መስክረሃል። እኔ 46 ነኝ። ታላቅ ታናሹን «አንተ» ቢለው በጎጃም ነውር የለበትም።

የምጽፍልህ ከደብረ ማርቆስ ነው። 23 ዓመት በሒሳብ ሥራ ቆይቻለሁ። ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 15 በመቶውን ለነጋዴው ደጋግመው ካስረዱትና ተደጋግመው ከተረገሙት አንዱ ነኝ። አንድ ሰኔ 30 ሌሊት የዓመቱን ሒሳብ ስንዘጋ 36 ሳንቲም ጠፍታብን ከእሷ ጋር አነጋሁ። ባለሙያ ያልሆነ ሰው 36 ሳንቲም ከኪሴ ልስጥህ ይላል። የሒሳብ ሰው ግን ልዩነቱ ለ9 መካፈሉን ሲያይ አንድ ቦታ ላይ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ብሎ ይጠረጥራል። እንደተጠረጠረውም 51 መባል የነበረበት 15 ተብሎ ከአንድ የነዳጅ ደረሰኝ ላይ ተገኘ። ይህችን ነገር ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የነበርኩበት ድርጅት ባለፈው ዓመት በሩን ዘጋ። እኔና አንተም የተዋወቅነው ከዚያ ወዲህ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሳለህ? ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ያካፋል። በአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ውኃ አበስብሶት የደመወዙ ቁጥር ወርዶ ጠፍቷል፤ የስልኩም ግማሽ የለም። አንተ ግን አንድ ፊደል ሳይጎድልህ ድርቅ ብለህ ቆመሃል። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ መጻፍ ስጀምር በስልኩ ፎቶ ያነሣህ አንድ ወጣት ጃንጥላውን ወደ እኔ ዘንበል አደረገልኝና «ጋሼ፣ ለልጅዎ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ልጄ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። ወጣቱ ግን ጨዋ ነበርና «ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ ላንብብልዎት» ብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። አንተ ዘንድ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ። ምናልባት ጆሮዬም ደክሞ ይሆናል ብሎ ነው።

ወደ ቤቴ ስመለስ በሙያዬ አሰላሁህ። ከአንተ ቀጥሎ የተጻፈው «የሥራ ልምድ፦ 10 ዓመት» ነው። አንድ ሰው በ23 ዓመቱ ተመርቆ በማግስቱ ቢቀጠር (ይህም ተረት ነው እንበል) ልምዱ የሚሞላው በ33 ነው። በ35 ደግሞ አንተ በሩን ትዘጋበታለህ። ስለዚህ ሰው ለሥራ የሚበቃው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። የዘጌ ቡና እንኳን ከዚህ የበለጠ ዘመን ያፈራል። በሌላ በኩል የአገሪቱ ሕግ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው ይላል። ከደመወዜ 7 በመቶ እየተቆረጠ፣ አሠሪዬም 11 በመቶ እየጨመረ ለእርጅናዬ ሲቀመጥልኝ ኖሯል፤ እርጅናው በ35 እንደሚጀምር ግን የነገረኝ አልነበረም። ከ35 እስከ 60 ያሉት 25 ዓመታት በየትኛው መዝገብ ይመዝገቡ? ገቢ አይደሉም፣ ወጪም አይደሉም። አሜሪካኖች በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ 40 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ በዕድሜው ምክንያት እንዳይገፉት አሠሪዎችን ከልክለዋል። እዚያም ቢሆን አሠሪ ሰበብ አያጣም፤ ቢሆንም የእነሱ ጥላ የሚዘረጋው አንተ ሰውየውን ካባረርከው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

የተለጠፍከው ጎጃም ውስጥ ነውና በቅኔ ዓይን ሳላይህ ማለፍ አልቻልኩም። ጉባኤ ቃና የሚባለው ቅኔ ሁለት ቤት ነው፤ «ዕድሜ ከ35 ያልበለጠ፣ ልምድ ከ10 ያላነሰ» ሲባል ቤቱ ሞልቷል። እስከ ታች ለሚያነብህ ደግሞ ስምንት ቤት መወድስ ይወጣሃል። «ደመወዝ፦ በስምምነት» ሰሙ ነው፤ ወርቁ ግን የምንስማማው እኛው በእኛው ነን ማለት ነው። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ሲባል ወርቁ ቦታው ከስድስት ቀን በፊት ተይዟል ነው። «በአካል ቀርባችሁ» የሚለውን ከሞጣ ተነሥቶ የሚመጣው ይፍታው። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ሁሉም ነገር ይዘጋል፤ ያንተ አምስት ቀን ብቻ መቆጠሩን አያቆምም። «ዋናውን ከማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጋር» የምትለዋ ግን ሰምና ወርቅ የላትም። ፎቶ ኮፒው በእውነት አይመለስም።

እስቲ የቅኔ ትምህርት ቤቱ ዋሸራ ሄደህ ተለጠፍ! ቅኔ ሊቀጽል አኮፋዳውን ይዞ ወንዝ የተሻገረ ተማሪ የኔታን «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምተህ ታውቃለህ? መምህሩ ጢሙ በነጣ ቁጥር ጉባኤው ይሞላል እንጂ አይበተንም። «የቅኔ መምህር፤ ብዛት 1፤ ዕድሜ ከ35 ዓመት ያልበለጠ» የሚል ወረቀት እዚያ ቢለጠፍ ተማሪው ሁሉ የአዲስ ቅኔ መነሻ አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል።

ልሸሽህም ሞክሬአለሁ፤ አልደብቅህም። ሲቪዬን ለማስተካከል ወደ አንዲት የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ፊቴን አየችና «ጋሼ፣ የትውልድ ዘመንዎን እንተወው። ሥራውንም የመጨረሻውን ዐሥር ዓመት ብቻ እንጻፍ» አለችኝ። ምክሯ የምታሾፍበት አይደለም፤ ሲቪ መጻፍ የሚያስተምሩ ባለሙያዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። እሺ አልኳት። ከ23 ዓመቴ 13ቱን በአንድ ቁልፍ ጠራረገቻቸው። ያች 36 ሳንቲም የጠፋችበት ሌሊት፣ ታክሱን በየሱቁ ያስረዳሁበት ዓመት፣ ሁሉም ሄደ። ዕድሜዬ በወረቀት ወደ 33 ወረደና ከአንተ ሥር በሁለት ዓመት ገባሁ። ወገቤ እንኳን ቀና ያለ መሰለኝ። ከዚያ ዲግሪዬን ፎቶ ኮፒ ልታደርግ ተቀበለችኝና የተሰጠበትን ቀን አየች። 1994 ዓ.ም.። ሁለታችንም ዝም አልን። «ኮፒው ደብዘዝ ይበል?» አለችኝ በመጨረሻ።

ደግሞ ሁሉም ሰው «ኔትወርክ ፍጠር» ይለኛል። እዚህ አገር ኔትወርክ ሲባል ስልኩ ሠራ አልሠራም ማለት ነው ብዬ ልከራከር ብል የሚሰማኝ የለም። ሊንክድኢን በሚባለው የሥራ ሰዎች መገናኛ ድረ ገጽም ገጽ ከፈቱልኝ። ሥራውን ያቆምኩበትን ቀን መሙላት ረስቼ ኖሮ ከተዘጋው ድርጅት የሥራ ዓመቴን ስለማክበሬ ከማላውቃቸው ሰዎች «እንኳን ደስ ያለህ» ጎረፈልኝ። አመሰገንኩ። ሰው ሲመርቅህ አሜን ነው የሚባለው።

ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝ አንድ የቆየ ጥናት ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በቦስተን አቅራቢያ ሥራ ከለወጡ ሰዎች መካከል በሰው ጥቆማ የተቀጠሩ 54 ሰዎች የሰጡት መልስ ይገኛል። የጠቆማችሁን ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ታገኙት ነበር ሲባሉ አዘውትረን ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ ብለዋል። ይህን ሳነብ በየቀኑ ቡና አብረውኝ የሚጠጡትን አራት ወዳጆቼን አሰብኩ። ነፍሳቸውን ይሰጡኛል፤ ሥራ ግን አይጠቁሙኝም። እነሱ የሚያውቁት እኔ የማውቀውን ነው፤ አምስታችንም የምናነበው አንድ ሰሌዳ ነው። ከስንት አንዴ የማገኘው ሰው ማን ነው ብል ደግሞ መልሱ ከደጄ ነበር። ዕድርተኛው!

ታሪኩን ልንገርህ፤ አንተንም ይነካሃልና። በመስከረም አንድ የዕድር ለቅሶ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ንፍሮ እየዘገንን ድሮ ሥራ ያገናኘን አንድ ሰው አጠገቤ ዐረፈ። አሁን የአንድ ተቋም ኃላፊ ነው። «ሥራ እንዴት ነው?» አለኝ። «ተመስገን ነው» አልኩት። ይሉኝታ እንዲህ ታናግራለች። አየህ፣ አንተ በሩን በ35 ትዘጋለህ፤ «ተመስገን ነው» ደግሞ በ46 ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ይውጣል። ሰውየው ምን ይበል? «ተመስገን!» አለና ወደ ሌላ ጨዋታ ገባ። እኔም ንፍሮዬን ቆረጠምኩ።

በኅዳር ወር ለዕድሩ ስብሰባ እንደገና ተገናኘን። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። ጉሮሮዬን ሦስት ጊዜ ጠራርጌ «ሥራ የለኝም» አልኩ። ድምፄ የሰው ድምፅ መሰለኝ። ሰውየው የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«እንዴ! እኛ የሒሳብ ሰው አጥተን ማስታወቂያ አውጥተን አልነበር? አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ። ከ35 ያልበለጠ ይላል።»

«ምኑ ነው ከ35 ያልበለጠው?»

አንተን አያውቅህም! ፈርሞብሃል፣ ማኅተም አስመትቶብሃል፣ ግን አያውቅህም። እዚያው ስልክ አውጥቶ ወደ ጸሐፊው ደወለ። እሷም ያለፈውን ማስታወቂያ ገልብጬ ነው አለች። ያለፈውስ? ከዚያ በፊት ከነበረው ተገልብጦ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ምን እንደነበረ በማግስቱ ከፋይል አውጥታ ነገረችው፤ የጥበቃ ሠራተኛ ቅጥር ነበር። ሌሊት በአጥር ዙሪያ ሌባ እንዲያባርር የተፈለገ ጎበዝ ዕድሜ ነው እንግዲህ ተሸጋግሮ ተሸጋግሮ የሒሳብ መዝገብ ላይ ዘብ የቆመብኝ። ያልተገላበጠ ያራል ይባል ነበር። አንተ ግን ስንት ጊዜ ተገልብጠህ እንኳን ጥሬ ነህ።

እኔ ደግሞ ሌት ተቀን ስረግምህ፣ ከጀርባህ ያለውን ክፉ አሳቢ በዓይነ ኅሊናዬ ስቀርጽ ከርሜ ነበር። አሳቢው ቀርቶ አንባቢ እንኳን አልነበረህም። ከአመልካቾች በስተቀር ማንም አላነበበህም።

አሁን ወደዚያች 36 ሳንቲም ልመለስ። መዝገብህን መርምሬ ያገኘሁትን ግኝት እንደሚከተለው አሳውቃለሁ። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው 35 ነው። አኃዞቹ ቦታ ቢለዋወጡ 53 ይሆናል። ልዩነቱ 18 ነው፤ ለ9 ይካፈላል። በሙያው ልማድ ይህ የአገላበጥ ስሕተት ተብሎ ይጠረጠራልና ከጥንቱም 53 ለማለት ፈልገህ እጅህ እንደሳተ ቆጥሬ በይፋ እንድታረም እጠይቃለሁ። ማረሚያው አንድ መስመር ነው። እኔ ከ53 በታች ነኝ። ኃላፊውም ሰኞ ማስረጃህን ሁሉ ይዘህ ቅረብ ብሎኛል፤ ዋናውን ከማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጋር።

ከሰላምታ ጋር
ዕድሜው የበለጠው፣ ከደብረ ማርቆስ

ግልባጭ፦

ለጃንጥላው ባለቤት፦ ልጄ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነው። ይቅርታ።

ለአራቱ ቡና ወዳጆቼ፦ ሰኞ ጠዋት አትጠብቁኝ።

ለጽሕፈት ቤቷ ልጅ፦ ያወጣሻቸውን 13 ዓመታት ከኮምፒውተሩ እንዳታጠፊያቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።