ጠያቂ በሞላበት ቤት

አክስቴ የጋብቻ ቀለበቷ ላይ ክር ጠምጥማበታለች። ጣቷ ስለከሳ እየወለቀ ያስቸግራታል። ሐምሌ ላይ ጎንደር ገብቼ እጇን ስስም ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ጀምራለች።

ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቷ ሰው አይጠፋበትም። አንዷ ዶሮ ሠርታ፣ ሌላዋ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ትመጣለች። «እትዬ፣ በሞቴ ይህችን ብቻ!» ይላሉ፤ ጉርሻው ይደራረባል። አክስቴ እምቢ ማለት ታፍራለች። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ጉርሻውን ተቀበለች፤ ሰው ዘወር ሲል ከአፏ አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ለካ አፏ ውስጥ ቆስሏል። በርበሬው ያቃጥላታል፤ ሥጋው ብረት ብረት ይላታል። ጠያቂ ሞልቷል፤ «አፍሽን እንዴት ነው?» ያላት ግን የለም።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው። አምና አንዲት ጓደኛዬ በዚሁ በሽታ ስትታከም አብሬያት እመላለስ ነበር። በሄደች ቁጥር ሚዛን ላይ ትወጣለች። ነርሷ ሁለት ነገር ትጠይቃታለች፦ ሳታስቢው ክብደት ቀንሰሻል? የምግብ ፍላጎት አጥተሽ አበላልሽ ቀንሷል? «አዎ» ስትል ወደ ዳይቲሽያን መሯት፤ የሕመምተኛን አመጋገብ የምትከታተል ባለሙያ ማለት ነው። ሴትየዋ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ምግብ ብቻ አወራቻት። ብረት ብረት ካለሽ በፕላስቲክ ማንኪያ ሞክሪ፣ ቀዝቀዝ ሲል ብዪ፣ ትንሽ ትንሽ እያልሽ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ቅመሺ አለቻት። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን ከለከለቻት፤ ኬሞ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ሰውነት ጀርም መከላከል ያቅተዋል። እኛ ዘንድ «ደም ይተካል» ተብሎ ለታማሚ የሚቀርበው ደግሞ ይኸው ጥሬ ሥጋ ነው!

እዚያም ሁሉም ያገኘዋል ማለት አይደለም። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድን የዳይቲሽያን ምክር የሚሸፍነው በዋናነት ለስኳርና ለኩላሊት ሕመምተኞች ነው።

የአክስቴን የሕክምና ካርድ አየሁት። ክብደቷ ተመዝግቧል፤ በአራት ወር ከ58 ኪሎ ወደ 52 ወርዷል። የሚመዝኗት ግን የመድኃኒቱን መጠን ለማስላት ነው። ለምን እንደቀነሰች ማንም አልጠየቃትም። በስድስት ወር ውስጥ ሳያስቡት ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ እኮ የአደጋ ምልክት ነው። ካንሰር የሚያከሳው ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ጡንቻው ያለቀ ሰው ኬሞውን መቋቋም ያቅተዋል።

የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና መኮንኖችና የኮሚዩኒቲ ነርሶች ማሰልጠን የጀመረች ከተማ ናት። ዛሬም ዩኒቨርሲቲዋ ሥነ ምግብ ያስተምራል። ሁለት ጥያቄ ለመጠየቅ ውድ ማሽን አያስፈልግም።

ለካንሰር ታማሚ በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ለአክስቴ ቢያንስ 52 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። የሚመጣላት አጥሚት ደግሞ በውሃና በስኳር የተሠራ ነበር። በፈላ ወተት አሠራነው፤ የተፈጨ ለውዝም ጨመርንበት። ሽሮውን ያለ በርበሬ አቀጠንነው። ጎረቤቶቹም ሲነገራቸው ደስ አላቸው፤ ምን ይዘው እንደሚመጡ አወቁ።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ መጣና ወተቱን ገፋችው። ብንለምናት፣ ብንቆጣት እምቢ አለች። የንስሐ አባቷን ጠራናቸው። «ልጄ፣ ለታመመ ጾም የለበትም። መድኃኒትሽ ነው፣ ጠጪ» አሏት። ዓይናቸው እያየ ጠጣች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ እንወርዳለን። እዚያ ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጦ መንገደኛ የሚመዝን ልጅ አለ። ባለፈው «እማማ፣ ጫማዎን ያውልቁ» አላት። ትከሻዬን ይዛ ወጣች። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየና «52 ከግማሽ» አለ። አክስቴ ሳንቲሟን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታች።