ይድረስ ለአልማዝ፦ 150 ሆነሽ አካውንቴ ላይ ለቀረሽው

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከሂሳቤ መመናመን በስተቀር ደህና ነኝ።

ስምሽን ብቻ የሰማ ሰው ሌላ ነገር ይጠረጥራል። ባለቤቴም ጠርጥራ ነበር። «ሌሊት 'አልማዝ አለቀችብኝ' እያልክ ስትቃዥ ሰምቼሃለሁ፤ ማናት?» ብላ ስታፋጥጠኝ ስልኬን ከፍቼ አሳየኋት። የምታብለጨልጪ ሰማያዊ ጠጠር፣ ከጎንሽ 150 የሚል ቁጥር። ከት ብላ ሳቀች። እስካሁን ምን ያህል እንዳወጣሁብሽ ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ፤ ሰው ብትሆኚ ይሻላት እንደነበር ከፊቷ አነበብኩ።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ስልኬ ላይ ያለው የካርድ ጨዋታ አንቺን፣ የውስጥ ገንዘቡን፣ ከ750 አሳንሶ አይሸጥም። ውስጡ ምን ካርድ እንዳለ ሳይከፈት የማይታወቅ አንድ ፓኬት ደግሞ 200 ነው። ሦስት ፓኬት ስከፍት 600 ትሄጂና 150 ትተርፊያለሽ። በ150 የሚገዛ ነገር የለም፤ ወደ ገንዘብ ተመለሺ ብልሽ አትመለሺም፤ ለጓደኛዬ ልስጥሽ ብል አትሰጪም። እንዲሁ ማዕዘን ላይ ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፦ አሁን 750 ብጨምር 900 ትሆኛለሽ፣ አራት ፓኬት ከፍቼ 100 ትተርፊያለሽ። እንደገና ብጨምር 50። አንድ ጊዜ ደግሜ ስጨምር ብቻ ልክ ዜሮ ትገቢያለሽ። እንግዲህ ካንቺ ለመገላገል ሦስት ጊዜ ልገዛሽ ነው። ዕዳ እንኳ ሲከፍሉት ይቀንሳል፤ አንቺ ግን በተከፈለብሽ ቁጥር ትተርፊያለሽ።

ካንቺ በፊት የወረቀቷ ካርድ ነበረች። እሷም ቅድስት እንዳልነበረች አልክድም። ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈለሰፈው የካርድ ጨዋታ፣ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ፣ የስፖርተኞች ምስል ካርድ ሲሸጥበት የኖረውን «ገዝተህ ክፈትና ዕድልህን እይ» የሚል ብልሃት ወደ ጨዋታ አመጣው። ከዚያ ወዲህ አንዲት ደህና ካርድ ፍለጋ 15 ካርድ ስንገዛ ኖርን። የቀሩት 14 የት እንዳሉ ብትጠይቂኝ አልጋዬ ስር፣ ሦስት የጫማ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ዋጋዋም ልክ አያውቅም፦ ጥቁር ሎተስ የምትባለው የዚያ ጨዋታ ካርድ አንዷ ቅጂ በ2021 በጨረታ ከ500,000 ዶላር በላይ ወጥታለች። አምራቹም ከ1996 ጀምሮ «እነዚህን ዳግመኛ አላትማቸውም» ብሎ ቃል የገባላቸው ካርዶች ዝርዝር አለው። ሰብሳቢው እፎይ አለ፤ ተጫዋቹ አለቀሰ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የወረቀቷ ጊዜ ፓኬት መክፈቱ ሲያንገሸግሸኝ፣ የምፈልጋትን አንዷን ካርድ ብቻ ከሌላ ሰው እገዛ ነበር። ጓደኛዬ ዴኩ፣ ማለትም የሚጫወትበት የካርድ ስብስብ፣ ጎዶሎ ሲሆንበት አንዷን አውሰዋለሁ፤ ሳይመልስልኝ ቢቀር እንኳ ማን እንደወሰደብኝ አውቃለሁ። ሲሰለቸኝም እሸጣታለሁ። በኪሳራ፣ አዎ፣ ሁልጊዜም በኪሳራ። ሆኖም ኪሳራው ቁርጡ የታወቀ ነበር፤ በመቶ ገዝቼ በአርባ ስሸጥ ጨዋታው ስልሳ ፈጀብኝ ብዬ እዘጋዋለሁ። ካንቺ ጋር ግን የመሸጫ ዋጋ የሚባል ነገር ስለሌለ ሂሳቡ አይዘጋም።

ዘመዶችሽም ከአንቺ አይሻሉም። በ2014 የወጣው ሃርዝስቶን የተባለው የስክሪን ካርድ ጨዋታ «በነፃ ነው» ብሎ ካስገባን በኋላ የማንፈልገውን ካርድ ፈጭተን ወደ አቧራ እንድንለውጥ ፈቀደልን። ቸርነቱን ተመልከቺ፦ አንድ ሌጀንደሪ (ከሁሉ ብርቅ የሆነውን) ካርድ ለመሥራት 1,600 አቧራ ይጠይቃል፤ ያንኑ ካርድ ስትፈጪው የሚመልስልሽ 400 ነው። ተራውን ካርድ በ40 ሠርተሽ በ5 ታፈርሺዋለሽ። ስምንት ከስክሶ አንድ መልቀም ማለት ነው። እንዲህ የሚመነዝር ሰው መንገድ ላይ ቢገኝ ሰልፉ ሱቁ በር ላይ ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ ይሆን ነበር። በስልክ ሲሆን ግን ከፍንዳታ ድምፅና ከሚያምር ብርሃን ጋር ስለሚመጣ እናጨበጭባለን።

ነፃ ነው ማለቱ ውሸት ነው አልልም። አምስት ሳንቲም ሳያወጡ ጠንካራ ዴክ የገነቡ ሰዎች አሉ፤ በወረቀት ቢሆን ለውድድር የሚበቃ ዴክ ብዙ መቶ ዶላር ሊፈጅ ይችላል። እነሱ የከፈሉት በሌላ ገንዘብ ነው። በየቀኑ ትእዛዝ ይመጣል፦ ይህን ያህል ፍጡር ጥራ፣ በቀይ ካርድ አሸንፍ። እኔ ቀይ አልወድም። ከሥራ ደክሜ ገብቼ፣ በማልወደው ቀለም፣ ከማላውቀው ሰው ጋር፣ እስከ እኩለ ሌሊት ስታገል አለቃዬ ቢያየኝ ኖሮ ቢሮ ለምን እንዲህ እንደማልተጋ ይጠይቀኝ ነበር።

የወረቀቱን ነፃነት ወደ ስክሪን ለማምጣት የሞከረ አልጠፋም። ቫልቭ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ በ2018 አርቲፋክት የሚባለውን የካርድ ጨዋታ ሲያወጣ ካርዶቹን እንደ ወረቀቱ መግዛትና መሸጥ ይቻል ነበር። ነገር ግን መግቢያው 20 ዶላር፣ ፓኬቱ በገንዘብ፣ ከሽያጩም ላይ ቆራጭ ነበረበት። ተጫዋቹ በወራት ውስጥ ተበተነ። በ2021 ሥራው ቆሞ ጨዋታው በነፃ ተለቀቀ። «የሚሸጥ ካርድ ስጡን» ስንል ኖረን፣ ሲሰጡን ጥለን ሄድን። እዚህ ላይ እኛም ጥፋት አለብን፤ ግን ደብዳቤው ለአንቺ ስለሆነ አላበዛውም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ዱዌሊስት የሚባል የካርድ ጨዋታ ነበር፤ በ2020 ሰርቨሩ ተዘጋ። ሰው ለዓመታት የሰበሰበው ካርድ ሁሉ በአንድ ማስታወቂያ አለቀለት። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለካ ለእኛ ነው፤ ወተቷን ባናይም በየወሩ መኖ እንገዛላታለን። አልጋዬ ስር ያሉትንም ካርዶች አይጥ ሊበላቸው ይችላል፤ ነገር ግን አይጧ ቢያንስ ቤቴ ድረስ መምጣት ይኖርባታል።

ስለዚህ አልማዝ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተለያይተናል። የጫማ ካርቶኖቹን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌያቸዋለሁ። ባለቤቴ ሕጉን አስረድተኝ ብላ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፤ ሁለት ዙር ተጫውተን ሁለቱንም አሸንፋኛለች። በሦስተኛው ዙር መሃል እሷ ስታስብ፣ ስልኬ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ በራች። ምን እንደሆነ ብቻ ልይ ብዬ ከፈትኩት።

አክባሪሽ፤

ማሳሰቢያ፦ አሁን 100 ነሽ። ሁለት ጊዜ ይቀረኛል።